ከትምህርቱ በፊት በሩ፦ ልጃገረዶችን በሕይወት ክህሎት ማማከር በጀሞ ኮንዶሚኒየም ምን ይጠይቃል?

መግቢያ

በአዲስ አበባ ልጃገረዶችንና ወጣት ሴቶችን በሕይወት ክህሎትና በራስ መተማመን ለማብቃት የሚሰጡ ሥልጠናዎች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ በትምህርት ቤት ክበባት፣ አንዳንዱ በወጣት ማዕከላት፣ ሌላው በወረዳ አዳራሽ ይካሄዳል። በእነዚህ መድረኮች ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ይታለፋል፤ ያልመጣችው ማን ናት? አዳራሹ ከሞላ ሥራው እንደ ተሳካ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ወንበር ይዛ የምትታየው ልጅ ብዙውን ጊዜ ለመምጣት ፈቃዱም ጊዜውም ድፍረቱም ያላት ናት። ጊዜዋ በሌላ ሰው እጅ የሆነ፣ ስሟ በየትኛውም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ፣ ጥሪው የተለጠፈበትን ወረቀት ማንበብ የማትችል ልጅ ከበር ወዲያ ትቀራለች።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። የምክር ሥራ ውጤት የሚወሰነው በመጀመሪያ በሚሰጠው ትምህርት ይዘት ሳይሆን ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት በሚሠሩ ሦስት ሥራዎች ነው፤ እነዚህም ልጅቱን ከቤቷ ፈልጎ ማግኘት፣ የራሷ የሆነ የመሰብሰቢያ ቦታ ማዘጋጀትና የሠፈሯን ሴት አማካሪ ማድረግ ናቸው። ይህን ለማሳየት በኢትዮጵያ ተሞክረው የተመዘኑ ሁለት ፕሮግራሞችን አነሣለሁ፤ ከዚያም ግኝታቸው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የጀሞ የኮንዶሚኒየም መንደር ሲታሰብ ምን እንደሚለወጥ እመረምራለሁ።

ጽሑፉ በታተሙ ምዘናዎች ላይ የተመሠረተ ማብራሪያ እንጂ የመስክ ጥናት አይደለም። ስለ ጀሞ አኗኗር የሚጠቀሰው በነዋሪነት የታዘብኩት ነው። የፕሮግራሞችና የጥናቶች ዓመታት በአውሮፓውያን፣ የአገር ውስጥ ሕጎችና የቤቶች ግንባታ ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጽንሰ ሐሳቦቹ፦ ክህሎት፣ መተማመን፣ አማካሪ

የዓለም ጤና ድርጅት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሰራጨው ማዕቀፍ የሕይወት ክህሎት ማለት ሰው የዕለት ተዕለት ኑሮውን ጥያቄዎችና ፈተናዎች በአግባቡ ለመወጣት የሚያስችለው ችሎታ ነው። ማዕቀፉ አሥር ክህሎቶችን ይዘረዝራል፦ ውሳኔ መስጠት፣ ችግር መፍታት፣ የፈጠራ አስተሳሰብ፣ በጥልቀት መመርመር፣ በአግባቡ መግባባት፣ ከሰው ጋር መኖር፣ ራስን ማወቅ፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ስሜትን መግዛትና ጭንቀትን መቋቋም። ዝርዝሩ በኢትዮጵያ ለሚዘጋጁ አብዛኞቹ የሥልጠና መጻሕፍት አጽም ሆኖ አገልግሏል። ድክመቱ ግን ክህሎቶቹ በቃል ሊጠኑ የሚችሉ ርእሶች መስለው መታየታቸው ነው።

በራስ መተማመንን በተመለከተ የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ በ1977 ያቀረበው ትንታኔ እስካሁን ይጠቅማል። በእርሱ አገላለጽ ሰው «ይህን ማድረግ እችላለሁ» የሚለው እምነቱ ከአራት ምንጮች ይቀዳል፤ እነርሱም ራሱ አድርጎ መሳካቱን ማየቱ፣ እርሱን የመሰለ ሰው ሲያደርግ ማየቱ፣ በሌሎች መበረታታቱና በሰውነቱ የሚሰማው የመረጋጋት ወይም የፍርሃት ስሜት ናቸው። ከሁሉ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። በአዳራሽ የሚሰጥ ንግግር ደግሞ በአብዛኛው የሚነካው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ከገጠር መጥታ ብቻዋን ጤና ጣቢያ ገብታ የማታውቅ ልጅ ስለ መተማመን አሥር ጊዜ ከምትሰማ አንድ ጊዜ ካርድ አውጥታ፣ ተራዋን ጠብቃ፣ ሐኪሙን ጠይቃ ብትመለስ ይበልጥ ትለወጣለች።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ምንጭ አማካሪዋ ማን መሆን እንዳለባት ያመለክታሉ። በተለምዶ ሜንተር የምትባለው አማካሪ ከአስተማሪ የምትለየው በእውቀቷ መጠን ሳይሆን በቅርበቷ ነው። አስተማሪዋ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ትሄዳለች፤ አማካሪዋ በማግስቱ ሱቅ በር ላይ ትገኛለች። ልጅቱ «እትዬ» ብላ የምትጠራት፣ ችግር ሲገጥማት በየትኛው በር እንደምታንኳኳ የምታውቃት ሴት መሆን ይኖርባታል።

የሁለት ፕሮግራሞች ልምድ

በአማራ ክልል ምዕራብ ጎጃም፣ ሞሰቦ በተባለ የገጠር ቀበሌ፣ ብርሃን ሔዋን የተሰኘ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ተሞከረ። ዓላማው ያለዕድሜ ጋብቻን ማዘግየትና በጋብቻ ውስጥ ያሉትንም መደገፍ ነበር። ከ10 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች በጎልማሳ ሴት አማካሪዎች አማካይነት በቡድን ተደራጁ፤ በትምህርት ገበታ ላይ እንዲቆዩ የትምህርት ቁሳቁስ ድጋፍ አገኙ፤ ከወላጆችና ከአካባቢው ሰዎች ጋር የማኅበረሰብ ውይይት ተካሄደ። ልጃቸውን ሳይድሩ በፕሮግራሙ ለቆዩ ቤተሰቦች በመጨረሻው አንዲት ፍየል ትሰጥ ነበር።

አናቤል ኤሩልካርና ዩኒስ ሙተንጊ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ምዘና ሞሰቦን ፕሮግራሙ ካልደረሰው የንጽጽር አካባቢ ጋር ያመዛዝናል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ ውጤቱ ጉልህ ነበር፤ በትምህርት ቤት የመገኘት የዕድል ምጣኔያቸው 3.0፣ የማግባት የዕድል ምጣኔያቸው ደግሞ 0.1 ሆኖ ተገኘ። በሌላ በኩል ከ15 እስከ 19 ባሉት ዘንድ የፕሮግራሙ አካባቢ ልጃገረዶች የማግባት ዕድላቸው ከንጽጽሩ አካባቢ ከፍ ብሎ ታይቷል። ፕሮግራሙ ጋብቻን ከልጅነት ዕድሜ ገፋ እንጂ ከ18 ዓመት በላይ አላሻገረውም ማለት ነው። ይህ ቁጥር ሥራውን የሚያጣጥል አይደለም፤ ይልቁንም «ልጃገረዶች» በሚለው አንድ ስም ሥር የተለያየ ችግር ያለባቸው የዕድሜ ክልሎች እንዳሉ ያስገነዝባል።

ሁለተኛው ፕሮግራም የከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ የአዲስ አበባ ወጣት ፕሮግራሞች ተጠቃሚዎች ማንነት በተመረመረ ጊዜ አገልግሎቱን የሚያገኙት በብዛት ወንዶችና ዕድሜያቸው ከፍ ያሉ ወጣቶች ሆነው ተገኙ። በዚያው ዘመን በከተማይቱ ድኃ ሠፈሮች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ብዙዎቹ ልጃገረዶች ከገጠር የፈለሱ ነበሩ፤ ከእነዚህም መካከል ጋብቻን ሸሽተው የመጡ ነበሩባቸው። የቤት ሠራተኛነት ለነዚህ ልጆች የከተማው የመጀመሪያ በር ነው። ከዚህ ግንዛቤ በመነሣት ብሩህ ተስፋ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 በመርካቶ አካባቢ ተጀመረ። በመንግሥት የሴቶችና የወጣቶች መሥሪያ ቤቶች ባለቤትነትና በፖፑሌሽን ካውንስል ድጋፍ ወደ 18 ከተሞች ሰፋ፤ ከ60 ሺህ በላይ ልጃገረዶችንም ደረሰ።

ብሩህ ተስፋን ከሌሎች የለየው አሠራሩ ነው። አማካሪዎቹ ከዚያው ሠፈር የሚመረጡ ሴቶች ሲሆኑ የመጀመሪያ ሥራቸው ማስተማር አልነበረም፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ከትምህርት ገበታ ውጪ የሆኑ ልጃገረዶችን መመዝገብ ነበር። የቤት ሠራተኛ በሆነች ጊዜ አሠሪዋን አነጋግረው ጥቂት ሰዓት እንድትፈቅድላት ያግባባሉ። ቡድኖቹ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ ይገናኙ የነበረው ቀበሌዎች በሰጧቸው ክፍሎች ነው። ትምህርቱ የፊደልና የሂሳብ መሠረትን፣ የሕይወት ክህሎትን፣ የግል ንጽሕናን፣ ኤች አይ ቪንና ከጥቃት ራስን መጠበቅን ያካትታል። ከዚህ በተጨማሪ መታወቂያ ለሌላቸው መታወቂያ፣ ለታመሙት የጤና አገልግሎት ማግኛ ኩፖን ይሰጣቸው ነበር። መታወቂያው ቀላል ነገር ቢመስልም ልጅቱ በከተማው ውስጥ ስም ያላት ሰው መሆኗን የሚያረጋግጥላት የመጀመሪያ ወረቀት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የብሩህ ተስፋ ምዘና ፕሮግራሙ የተካሄደባትን ባሕር ዳርን ካልተካሄደባት ከጎንደር ጋር አነጻጽሯል። በባሕር ዳር የነበሩት ልጃገረዶች ማኅበራዊ ድጋፍ አለን የማለት ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ የላቀ ነበር። ስለ ኤች አይ ቪ ባላቸው እውቀትም ተመሳሳይ ልዩነት ታይቷል። ንጽጽሩ በዕጣ ባልተመደቡ ሁለት ከተሞች መካከል ስለሆነና መረጃውም ልጃገረዶቹ ራሳቸው ከሰጡት መልስ ስለተወሰደ ልዩነቱን ሁሉ ለፕሮግራሙ ብቻ መስጠት አይቻልም። ያም ሆኖ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወሰው ነገር ሌላ ነው፤ ምዘናው የተናገረው ብዙ ፕሮግራሞች ስላላገኟቸው ልጆች ነው።

ይዘቱ አንድ፣ ውጤቱ ልዩ ልዩ

የመሰናዶ ሥራው ወሳኝ ነው የሚለውን ሐሳብ ከኢትዮጵያ ውጪ ያሉ ልምዶችም ይደግፉታል፤ ይገድቡታልም። በዩጋንዳ ብራክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያቋቋማቸው የልጃገረዶች ክበባት የሕይወት ክህሎትን ከሙያ ሥልጠና ጋር አጣምረው ያስተምራሉ። አማካሪዎቹ ከዚያው አካባቢ የተመረጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በዕጣ ምደባ የተደረገውና ኦሪያና ባንዲዬራና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ምዘና ከአራት ዓመት በኋላ የልጃገረዶች እርግዝና በሲሶ ገደማ መቀነሱን፣ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ላይ የተሰማሩት ቁጥርም መጨመሩን አሳይቷል።

ይኸው ፕሮግራም ወደ ታንዛንያ በተወሰደ ጊዜ ግን በዩጋንዳ የታየው ዓይነት ለውጥ አልተገኘም። አጥኚዎቹ ለልዩነቱ ከሰጧቸው ምክንያቶች መካከል የአፈጻጸም ሀብት ማነስና ለክበባቱ የሚሆን ቦታ የማግኘት ችግር ይገኙበታል። የትምህርቱ ሐሳብ አንድ ነበር፤ የተለየው ትምህርቱ የተቀመጠበት መሬት ነበር።

የዛምቢያ ልምድ ደግሞ ለተስፋችን ልክ ያበጅለታል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ2013 በኋላ በየሳምንቱ በሚካሄድ የልጃገረዶች ቡድንና አማካሪ ላይ የተመሠረተ ፕሮግራም ለሁለት ዓመት ተሰጥቶ በዕጣ ምደባ ተመዝኗል። የልጃገረዶቹ እውቀት፣ በራስ መተማመንና የቁጠባ ልማድ ተሻሽሎ ተገኝቷል፤ በጋብቻ፣ በወሊድና በትምህርት ቆይታ ላይ ግን የተጠበቀው የረጅም ጊዜ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ መተማመን ብቻውን ድህነትን አይሰብርም። አንዲት ልጅ መናገር ብትችልም የምትናገረውን የሚሰማ አሠሪ፣ የሚቀበል ትምህርት ቤት፣ የሚከፍል ሥራ ከሌለ ድምፅዋ ወደ ራሷ ይመለሳል። የምክር ሥራ ከተጨባጭ ነገር ጋር፣ ማለትም ከመታወቂያ፣ ከደመወዝ፣ ከጤና አገልግሎትና ከትምህርት ዕድል ጋር መተሳሰር የሚኖርበት በዚህ ምክንያት ነው።

ጀሞ፦ ሠፈሩ ሲለወጥ ምን ይለወጣል?

ብሩህ ተስፋ የተፀነሰበት መርካቶና ጀሞ በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት የተለያዩ ዓለማት ናቸው። በነባሩ ሠፈር ቤቶቹ ግቢ ይጋራሉ፤ የውኃው ቧንቧ፣ የልብስ ማስጫው፣ አንዳንዴም ማብሰያው የጋራ ነው። እድሩ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ቀበሌው ቤቱን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡን ያውቃል። አዲስ ልጅ በግቢው ብቅ ስትል «የማን ናት?» የሚል ሰው አይጠፋም።

ጀሞ ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ በተስፋፋው የቤቶች ልማት መርሐ ግብር ቀድሞ የእርሻ መሬት በነበረ የከተማዋ ጠርዝ ላይ የተሠራ መንደር ነው። ቤቶቹ በዕጣ የተከፋፈሉ በመሆናቸው በአንድ ደረጃ የሚገናኙት ሰዎች ቀድሞ የሚተዋወቁ አልነበሩም። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች መለየቱ ብዙ ሴቶችን የቤት ባለቤት ያደረገ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ብዙ ባለዕጣዎች ክፍያውን ለመቋቋም ሲሉ ቤታቸውን አከራይተዋል፤ ተከራይም ይለዋወጣል። ጎረቤት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በብሎኩና በቤት ቁጥሩ ነው።

ይህ ለውጥ ከላይ የተጠቀሱትን ሦስት ሥራዎች አንድ በአንድ ይነካል።

የመጀመሪያው በሩ ነው። በኮንዶሚኒየም የምትሠራ ልጅ ከመርካቶዋ ልጅ ይልቅ የተሰወረች ናት። በሩ ከተዘጋ የምትታየው በረንዳ ላይ ልብስ ስትሰጣ፣ ውኃ በጠፋበት ቀን ጀሪካን ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ፣ ወይም የአሠሪዎቿን ልጅ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ስትወስድ ነው። አማካሪዋ ብታንኳኳ የምትከፍተው ራሷ ልጅቱ ናት፤ የምትሰጠውም መልስ አንድ ነው፤ «እትዬ የሉም።» ይህ መልስ እምቢታ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ለመናገር ሥልጣን የሌላት ሰው መልስ ነው። ስለዚህ በጀሞ የቤት ለቤት ምዝገባ በቀን፣ አሠሪ በሌለበት ሰዓት ብቻ ከተካሄደ ዝርዝሩ ጎዶሎ ይሆናል። በመሸ ጊዜና በዕረፍት ቀን አሠሪዋን ራሷን ማግኘት ያስፈልጋል። የብሎኩ ጥበቃ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ባለሱቋና የጉሊቷ ነጋዴም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየቤቱ የሚዞሩት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ በሩን የማስከፈት ልምድ ያላቸው ናቸውና ከእነርሱ ጋር መሥራት ለአማካሪዋ የመታመኛ መንገድ ይከፍትላታል።

ሁለተኛው ቦታው ነው። በዚህ ረገድ ጀሞ ብዙ ሠፈሮች የሌላቸው ሀብት አለው። የኮንዶሚኒየም ዲዛይን ለተወሰኑ ብሎኮች አንድ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ይመድባል፤ ነዋሪው ኮሚናል ይለዋል። የታሰበው እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብ፣ በግ ለማረድና ለኀዘንና ለደስታ ለመሰብሰብ ነው። በየስፍራው አንዳንዱ ለዚሁ ሲያገለግል አንዳንዱ ተቆልፎ ወይም ለሌላ ጉዳይ ውሎ ይታያል። ለልጃገረዶች ቡድን ከወረዳ አዳራሽ ይልቅ ኮሚናሉ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ከደረጃው በር ጥቂት እርምጃ ብቻ ስለሚርቅ አሠሪዋ ልጅቱን «ታክሲ ተሳፍራ ትጠፋብኛለች» ብላ አትሰጋም። ከዚህም በላይ ሠራተኞቹ ለመጋገርና ለማጠብ የሚገቡበት ቤት በመሆኑ ለእነርሱ እንግዳ አይደለም። አንድ ነገር ግን መጠበቅ አለበት፤ የተወሰነው ሰዓት የእነርሱ ብቻ መሆን ይኖርበታል። ጥያቄዋን ሌላ ሰው ሊሰማ በሚችልበት ቦታ ስለ ደመወዟ ወይም ስለ ገጠማት ጥቃት የምትናገር ልጅ የለችም።

ሦስተኛው አማካሪዋ ናት። ብሎኩን የምታውቅ ሴት በዕጣ በተሰባሰበ መንደር በቀላሉ አትገኝም። ቢሆንም በብዙ ብሎኮች እድር ተቋቁሟል፤ የደረጃ ጽዳትና የጥበቃ ደመወዝ የሚያሰባስቡ፣ ሰው ሲታመም የሚጠይቁ ሴቶች አሉ። አሠሪዎች የሚያምኑት እነዚህን ነው። ልጆቹ ግን ነፃ ሆነው የሚናገሩት እነርሱን ለመሰለች ሴት ነው። አንዲት ሴት ሁለቱንም እምነት እንድትሸከም መጠበቅ ከባድ ስለሆነ ሁለት አማካሪዎችን ማጣመር የተሻለ ይመስለኛል፤ አንዷ በብሎኩ የተከበረች እናት፣ ሌላዋ ራሷ በቤት ሠራተኛነት አልፋ፣ የማታ ትምህርት ተምራ የራሷን ኑሮ የጀመረች ወጣት። የመጀመሪያዋ በሩን ታስከፍታለች፤ ሁለተኛዋ በባንዱራ አባባል «እርሷን የመሰለች ሰው ስታደርገው» የማየትን ዕድል ለልጅቱ ትሰጣለች።

የሚለዋወጡ ፊቶች ጉዳይ

ጀሞ ላይ ከሁሉ የሚከብደው የቆይታ ጉዳይ ነው። እኔ በምኖርበት ደረጃ ባለ አንድ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ልጆች ተለዋውጠዋል። የመጀመሪያዋን ሁላችንም በስሟ እንጠራት ነበር፤ ሁለተኛዋን ያወቅናት በመልኳ ብቻ ነው፤ ሦስተኛዋ መምጣቷን ያወቅነው ከሄደች በኋላ ነው። የት እንደሄዱ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ደላላ አምጥቷቸዋል፤ ደላላም ወስዷቸዋል።

ይህ ለፕሮግራም አዘጋጅ ከባድ ጥያቄ ይጥላል። በአብዛኛው የሕይወት ክህሎት ትምህርት ለብዙ ወራት የሚዘልቅ፣ አንዱ ምዕራፍ በሌላው ላይ የሚገነባ ነው። ልጅቱ በሦስተኛው ወር ከተዛወረች የቀረው ምዕራፍ ይጠፋታል፤ በመዝገቡም ላይ «አቋረጠች» ተብላ ትጻፋለች። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ስብሰባዎች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የሚቆሙ መሆን አለባቸው። አንድ ቀን ብቻ የመጣች ልጅ የምትይዘው ነገር ይኑራት፤ ለምሳሌ በቃል የተያዘ የሁለት ሰው ስልክ ቁጥር፣ ያለችበት ሠፈርና ብሎክ ስም፣ የወር ደመወዟን የመቁጠርና የመመዝገብ ዘዴ፣ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ። እነዚህ ከአሥሩ ክህሎቶች ዝርዝር ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ይመስላሉ። ነገር ግን ውሳኔ መስጠትም ችግር መፍታትም የሚጀምረው የት እንዳለሁና ማንን መጥራት እንደምችል ከማወቅ ነው።

አሠሪዋና ሕጉ

የአሠሪዋ ፈቃድ የዚህ ሥራ ቁልፍ እንደመሆኑ ፈቃዱ በምን ላይ እንደሚቆም መመርመር ተገቢ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ደንግጓል፤ በግል ቤት የሚሰጥ አገልግሎትን ግን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጪ አድርጎታል። ለቤት ሠራተኛዋ የሚቀርባት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ ከአሠሪው ጋር የምትኖር ሠራተኛን መኖሪያ፣ ምግብ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓት በሚመለከት አሠሪው ጤንነቷንና ክብሯን ለመጠበቅ ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ሆኖም ስንት ሰዓት፣ ስንት ቀን የሚል ልክ አላስቀመጠም። በመሆኑም የሳምንት ሁለት ሰዓት ዕረፍት በተግባር የሚገኘው በሕግ ክርክር ሳይሆን በሁለት ሴቶች ንግግር ነው።

አማካሪዋ ወደ አሠሪዋ የምትቀርብበት አነጋገር እዚህ ላይ ይወስናል። «መብቷን ይልቀቁላት» ብላ የጀመረች አማካሪ በሩን ለዘለቄታው ልታዘጋ ትችላለች። አሠሪዋም ራሷ ብዙ ጊዜ ማለዳ ወጥታ በምሽት የምትመለስ፣ ልጇን ለማታውቃት ልጅ ትታ የምትውል ሠራተኛ ሴት ናት፤ ሥጋት አለባት። ሥጋቷን ሰምቶ፣ ልጅቱ የት እንደምትውል፣ ማን ይዟት ሄዶ ማን እንደሚመልሳት፣ የሕፃናት አያያዝና ንጽሕናም ከትምህርቱ ክፍል መሆኑን ማስረዳት የበለጠ ያስገኛል። ይህ ማለት ግን በደልን በመለሳለስ ማለፍ አይደለም። ዕድሜዋ ከ15 ዓመት በታች የሆነች፣ ደመወዟ የተከለከለች ወይም የተደበደበች ልጅ ስትገኝ ጉዳዩ ከአማካሪዋ አቅም በላይ ነው። ለዚህ ደግሞ አስቀድሞ የተዘረጋ የቅብብሎሽ መንገድ ያስፈልጋል፤ የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል፣ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የጥቃት ተጎጂዎች የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ መጠለያዎች ከመጀመሪያው ቀን በአማካሪዋ እጅ መታወቅ አለባቸው። ልጅን አናግሮ ምሥጢሯን ካወጡ በኋላ የሚወስዷት ቦታ አለመኖሩ ከዝምታው የባሰ ጉዳት ነው።

ምን ይለካ?

ከላይ ከተነሣው ሐሳብ ለተመራማሪ የሚሻገር አንድ የአሠራር ጥያቄ አለ። የሥልጠና ዘገባዎች በብዛት የሚያቀርቡት የሠለጠኑትን ቁጥር ነው። ቁጥሩ አካፋይ የለውም፤ ከስንቱ? ከዚህ ይልቅ በአንድ የጀሞ ብሎክ ውስጥ ያሉ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 24 የሆኑ ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች ሁሉ ትምህርት ላይ ያሉትና የሌሉት፣ የቤተሰብ ልጆችና ሠራተኞች ተለይተው ቢመዘገቡ አራት ነገር መለካት ይቻላል፤ ከተመዘገቡት ስንቶቹ አንድ ጊዜ እንኳ መጡ፣ ስንቶቹ ቆዩ፣ ያልመጡት ለምን ቀሩ፣ የሄዱትስ የት ደረሱ። በራስ መተማመንም «በራሴ እተማመናለሁ» በሚል መጠይቅ ብቻ ሳይሆን በተደረጉ ድርጊቶች ቢለካ ይሻላል፤ ጤና ጣቢያ ብቻዋን ሄዳለች ወይ፣ ደመወዟን ራሷ ተቀብላለች ወይ፣ ለማታ ትምህርት ተመዝግባለች ወይ።

የብርሃን ሔዋን ምዘና እንዳስተማረን ውጤቱ በዕድሜ ተከፍሎ መቅረብ አለበት። የ12 ዓመቷ ልጅ የሚያስፈልጋት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የ19 ዓመቷ የሚያስፈልጋት ሙያና የተሻለ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም አንድ መጽሐፍ ማንበብ አንዷን አለማገልገል ነው።

መደምደሚያ

የሕይወት ክህሎት ትምህርት ይዘት በኢትዮጵያ ለዓመታት ተዘጋጅቷል፤ ተተርጉሟል፤ ታትሟል። ሞሰቦና መርካቶ ያስተማሩን ይዘቱ ሥራ የሚሠራው ከሠፈር የወጣች ሴት በር ስታንኳኳ፣ ልጆቹ የራሳቸው ሰዓትና ክፍል ሲኖራቸው፣ ምክሩም ከሚጨበጥ ነገር ጋር ሲያያዝ መሆኑን ነው። የጀሞ ኮንዶሚኒየም በሩን ይበልጥ የተዘጋ፣ ጎረቤቱን ይበልጥ እንግዳ አድርጎታል፤ በአንጻሩ ኮሚናሉን፣ የብሎኩን እድርና የራሳቸው ቤት ባለቤት የሆኑ ብዙ ሴቶችን ይዟል። መንደሩ የጎደለው ሀብት ሳይሆን እነዚህን የሚያገናኝ ሰው ነው።

በመዲናይቱ ጠርዞች ተመሳሳይ መንደሮች እየበዙ ባሉበት በዚህ ወቅት ጥያቄው የጀሞ ብቻ አይደለም። ተመራማሪም ሆነ አሠልጣኝ ወደ አዳራሹ ከመግባቱ በፊት አንድ ደረጃ ወጥቶ፣ የመጀመሪያውን በር አንኳክቶ፣ «እትዬ የሉም» የምትለውን ልጅ «አንቺስ ስምሽ ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሥራው እውነተኛ መነሻ ከዚያ ይሆናል።